ያለ አጃቢ

ሰሎሜ ኦስተርታግ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚፈስሰውን ሕዝብ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሰነጠቀች ወደ ቤቷ ትጣደፋለች። ኮልማር ያን ቀን ለሚቸኩል ሰው መንገድ አልነበራትም። ጋሪ ከጋሪ ተጣብቆ፣ ፍራሹ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የዶሮ ቅርጫቱ፣ የተገለበጠው የሕፃን አልጋ በጠባቡ ጎዳና ላይ ይንገጫገጫል። በአንደኛው ጋሪ ላይ አንዲት አሮጊት ከነወንበሯ ተጭና ካልሲ ትሠራለች፤ እምድጃዋ ዳር የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

«ማዳም፣ ፈረንሳይ በዚህ በኩል ናት፤ ጠፋብዎት እንዴ?» አላት አንድ ባለጋሪ ጅራፉን ወደ ጣቢያው እየቀሰረ።

«ዕቃ ረስቼ ነው» አለች ሰሎሜ ቀና ሳትል።

«ባልዎን እንዳይሆን የረሱት።»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሰሎሜም ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዘላትም። ሰውየው ሳያውቅ ሕመሟ ላይ ነበር የረገጣት።

ፈረንሳይ በጦርነቱ ከተሸነፈች ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። ጀርመኖች የአልዛስን ግዛት ሲጠቀልሉ ለነዋሪው አንድ ምርጫ ትተውለት ነበር። ፈረንሳዊ ሆኖ መኖር የሚፈልግ እስከ 1872 የመስከረም ወር መጨረሻ ድረስ ቤቱን ጥሎ ይውጣ፤ የቀረ ጀርመን ነው። የመጨረሻዋ ቀን ያቺ ነበረች። ምርጫው ግን ለሁሉም አልደረሰም። ሚስት ባሏን፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ አሳዳጊውን ይከተላል ይላል ሕጉ። የሰሎሜ ባል፣ መድኃኒት ቀማሚው ቴዎፊል ኦስተርታግ፣ ለመቅረት ከቆረጠ ቆይቷል። የሃያ ዓመት ወንድሟ ፍሎራን ደግሞ ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገው ይኸው ቴዎፊል ነው። ስለዚህ ፍሎራን ወደደም ጠላም ጀርመን ሆኗል፤ በሚመጣው ወርም የአሸናፊዎቹን መለዮ እንዲለብስ ይጠራል። ከነገ ጀምሮ ድንበሩ ላይ የወጣት ሁሉ ወረቀት ይመረመራል። ዛሬ ግን፣ በዚህ ጎርፍ መሐል፣ አንዱን ከሌላው የሚለይ ዓይን የለም።

እህትና ወንድም የተማከሩት ይህንን ነበር። በአመሻሹ ባቡር፣ በሕዝቡ ተከልለው፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ናንሲ ከተማ ውስጥ ፒያኖ የሚያስተምር ወንድና ዘፈን የምታውቅ ሴት በረሃብ አይሞቱም። ሰሎሜ የሁለቱንም ልብስ የያዘውን ሻንጣ ጣቢያው አጠገብ፣ የሞግዚታቸው የካተል እህት ቤት አስቀምጣ መመለሷ ነበር። ባሏ ይህንን አያውቅም። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምን ነበር።

ቴዎፊልን ያገኘችው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ለቀብርና ለፋሲካ ብቻ የሚያወጣውን ጥቁር ኮት ለብሷል።

«የት ጠፋሽ?» አላት። «ፀጉርሽን አበጂ። የአውራጃው ገዥ ይመጣሉ።»

«ማን?»

«ሄር ኬትቪግ። ድምፅሽን ሊሰሙ። ለፍሎራንም ነግሬዋለሁ።»

«ዛሬ? ሌላ ቀን አጡ?»

ቴዎፊል የኮቱን ቁልፍ መነካካት ጀመረ፤ ሲጨንቀው የሚያደርገው ነው። «ቀኑን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ‹ከተማው ሁሉ በር በሩን ሲል፣ አንድ ጨዋ ቤተሰብ በእልፍኙ ተቀምጦ ሙዚቃ ሲሰማ ማየት እፈልጋለሁ› ነው ያሉኝ። መስኮቱም ክፍት እንዲሆን ጠይቀዋል።»

«የሚሄደው ሰው እንዲሰማን ነዋ።»

«ምን ልበላቸው?»

«እምቢ።»

«በየትኛው አፌ? የሥራ ፈቃዴን የሚያድሱት እሳቸው ናቸው። ይህ ቤት የአያቴ ነው፣ ሰሎሜ። ሰው መድኃኒት ቤቱን አዝሎ አይሄድም።»

«ኤሊ ይሄዳል» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ካተል ነበረች፤ የፕሪም ኬክ በትሪ ይዛ ብቅ አለች። ሰሎሜንና ፍሎራንን ያሳደገች፣ ምላሷን ሁሉም የሚፈራው፣ ማንም ግን ሊያስቆመው ያልቻለ ሴት ነበረች።

«አንቺ ዝም በይ» አለ ቴዎፊል።

«ዝም ብያለሁ ጌታዬ። እኔ ስለ ኤሊ ነው ያወራሁት።»

ሰሎሜ ደረጃውን ወጣች። ፍሎራን እልፍኙ ውስጥ ፒያኖው ፊት ቆሞ ጣቶቹን ያፍታታል፤ ፊቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቷል።

«ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ። ሁለት ሦስት እንዘፍንለትና ራሴን አመመኝ እላለሁ። ጨዋ ከሆነ ተነሥቶ ይሄዳል።»

«ካልሄደስ?»

«ገዥ አይደል? እንዲህ ባለ ቀን ሥራ አያጣም።»

ፍሎራን ፈገግ አለ፤ ደስ የሚል ፈገግታ ግን አልነበረም። «እታለሜ፣ የሰውየው የዛሬ ሥራ እኮ እኛ ነን።»

ሄር ኬትቪግ በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ። ሰሎሜ የጠበቀችው ጢሙን ያሾለ፣ ጫማውን የሚያንኳኳ ሰው ነበር። የመጣው ግን ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የላቬንደር ሽታ ያለው፣ ፈረንሳይኛው ከኮልማር ሰው ሁሉ የጠራ ሰው ነው። ካተል ከምንም በላይ የተናደደችው በዚህ ነበር። «ቋንቋችንን እንኳ ከኛ አሳምሮ ነው የሰረቀው» አለች ጓዳ ገብታ። አብሮት የመጣውን ወታደር ታች፣ ዋናው በር ላይ አቁሞታል።

ቴዎፊል ምድጃው ዳር ያለውን ምርጥ ወንበር ሰጠው። ኬትቪግ አመስግኖ ወንበሩን ራሱ አነሣና ወደ ኮሪደሩ ከሚያስወጣው በር አጠገብ አኖረው።

«ሙዚቃ ከሩቅ ሲሆን ነው የሚጣፍጠኝ» አለ፣ እግሩን አነባብሮ እየተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ሳይነካ ከእልፍኙ የሚወጣ አልነበረም።

«እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?» አለው ፍሎራንን።

«ሃያ፣ ክቡርነትዎ።»

«እንግዲያው በቅርቡ ይጠራሉ። አይስጉ፤ እንዲህ ላለ ጣት ጠመንጃ አናስይዝም። ምሥራቅ ጠረፍ፣ ፖዘን ካለው ክፍለ ጦር አዛዥ ጋር ወዳጆች ነን። ማርሽ ባንዱ ውስጥ አስገባዎታለሁ። ሦስት ዓመት ምን አላት?»

«እግዜር ይስጥልን» አለ ቴዎፊል ቀስ ብሎ። ፍሎራን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ጎንበስ ያለው ፊቱን ለመደበቅ እንደሆነ ያወቀችው እህቱ ብቻ ናት።

በቀላል ዘፈኖች ጀመሩ። ስለ ቀይ ጽጌረዳ፣ ስለ ሸረሪት ድር፣ ስለ አንዲት ሰነፍ እረኛ። ኬትቪግ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ ይሰማል፤ ቴዎፊል ወይን ይቀዳል። ሰሎሜ የሦስተኛውን መጨረሻ ዘፍና እጇን ወደ ግንባሯ ልትወስድ ስትል ሰውየው ቀደማት።

«የወንድምዎ የራሳቸው ድርሰት አለ ይባላል።»

ሰሎሜ ባሏን አየችው። ቴዎፊል ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተከለ። የሚኮራበትን ነገር ለሰው ሳያወራ ማደር አይችልም ነበር።

«ትንሽ ነገር ናት» አለ ፍሎራን።

«ትንሽ ነገር እወዳለሁ።»

ዘፈኗ «ከዝናብ በኋላ» ትባላለች። ፍሎራን የጻፋት ጀርመኖች ከተማዋን በያዙበት ክረምት ነው፤ ቃሉም ዜማውም የእሱ። ታትማ አልወጣችም፤ ከዚህ እልፍኝ ውጭ ተዘፍና አታውቅም። ፒያኖው የሚጀምረው በአንዲት ድምፅ ነው፤ ያቺው አንዷ፣ ደግማ ደጋግማ፣ ከቅጠል ላይ እንደምትወድቅ ጠብታ። የዘፋኟ ዜማ ወደ ላይም አይወጣም፣ ወደ ታችም አይወርድም። በጠባብ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እንደሚመላለስ ሰው እዚያው በዚያው ይዞራል።

ዝናቡ ቆመ፤ ዛፉ ግን ገና ያንጠባጥባል፤
የሄደው ሄደ፤ ቤቱ ግን ገና ያዳምጣል።

ሰሎሜ ስትዘፍን ከመስኮቱ ሥር የጋሪው ጫጫታ ቀነሰ። አንድ ሰው ፈረሱን ዝም ሲያሰኝ ተሰማ። በሁለቱ አንጓዎች መካከል ዘፋኟ ዝም ትላለች፤ ፒያኖው ብቻውን ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያ ትመለሳለች። መጨረሻው ደግሞ መጨረሻ አይመስልም፤ ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ሐሳቡን እንደ መለወጥ ያለ ነው።

ኬትቪግ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ «እንደገና» አለ።

ደገሙለት። ፍጻሜው ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ሳይገልጥ «እንደገና» አለ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን መቅላት ጀምሯል። ሰሎሜ ራሷን እንዳመማት ተናገረች። ሰውየው በጣም አዘነ፤ ቴዎፊልን ለሚስቱ የሚሆን ነገር ከታች እንዲያመጣ ላከው፤ እስከዚያ ከፈለገች ተቀምጣ እንድትዘፍን ፈቀደላት። ቴዎፊል በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት ይዞ መጣ፤ ጠጣችው። ምንም ማምለጫ አልነበረም። የሰውየው ጨዋነት እንደ ማር ነበር፤ እጅ እግር የሚይዘው ሲንቀሳቀሱበት ነው።

ሰሎሜ ኖታ የምትገልጥ መስላ ወደ ወንድሟ ጎነበሰች።

«አይነሣም» አለች በሹክሹክታ።

ፍሎራን ለስላሳ ነገር በፒያኖው እየነካካ ድምፃቸውን ሸፈነ። «አንቺ ውጪ። ወይን ላስመጣ ብለሽ ውጪና በጓሮ በኩል ውረጂ። የካተል የእህቷ ልጅ ከነጀልባው ከጓሮው በታች ውኃው ዳር ቆሟል፤ ጣቢያው ድረስ ያደርስሻል። እኔ እየተጫወትኩ አቆየዋለሁ።»

«አንተስ?»

«ፒያኖ ያለ ዘፋኝ ይበቃዋል።»

«ዘፋኝም ያለ ፒያኖ ትበቃዋለች።»

ተያዩ። ነገሩ ያን ጊዜ ለሁለቱም ግልጽ ሆነ። አንዱ ሊወጣ ይችላል፤ ለመውጣቱ ግን ሌላው እዚሁ ቆሞ ሰውየውን መያዝ አለበት።

እውነቱን ለመናገር ሰሎሜ እሺ ልትል ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ወደዚህ ቤት የገባችው፤ ቀን ቀን የብልቃጥ ስም ስትጽፍ፣ ማታ ማታ ለባሏ እንግዶች ስትዘፍን ኖራለች። ከወር ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት አንዲት ክፍል ትታያታለች፤ ናንሲ ውስጥ፣ ሰገነት ላይ፣ አልጋና ኪራይ ፒያኖ ብቻ ያላት። ያቺን ክፍል እስከ መጋረጃዋ ታውቃታለች። እሺ የሚለው ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ፍሎራን ደግሞ ከልቡ ነው ያላት፤ ዓይኑ ውስጥ አየችው፤ እምቢ ካላለችው ይቀርላታል።

«ፖዘን ብርዱ ክፉ ነው» አለ ኬትቪግ ከወንበሩ፣ በወዳጅ ድምፅ። «ጓንት ይዘው ይሂዱ፣ ወጣቱ። ጣት አንዴ በብርድ ከተበላ አይመለስም።»

ሰሎሜ ቀና አለች።

«ክቡርነትዎ፣ ወንድሜ ሌላም የጻፈው አለ። ኖታው ከላይ፣ መኝታ ክፍሉ ነው። ያምጣልዎት?»

«በደስታ» አለ ሰውየውና ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገ።

ፍሎራን ከፒያኖው ተነሣ። ሊያቅፋት አይችልም፤ እጇን ሊይዝ አይችልም። ባጠገቧ ሲያልፍ እጅጌዋን በትከሻው ነካ አደረገና «ቶሎ እመለሳለሁ» አላት። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

«እስኪመጣ ዝም ከምንል፣ ያቺኑ ያለ ፒያኖ ልበልልዎት» አለች ሰሎሜ።

«ያለ አጃቢ? አዲስ ነገር ነው።»

እሷም እንደዚያ ዘፍናት አታውቅም። የመጀመሪያውን ቃል እንዳወጣች ዜማው ምን ያህል ራቁቱን እንደሆነ ታወቃት። ለካስ ኀዘኑን ሁሉ ተሸክሞት የኖረው ፒያኖው ነው። ድምፅ ብቻውን ሲሆን ዘፈን ሳይሆን በጨለማ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ቢሆንም ዘፈነች። ከመስኮቱ ሥር የቆሙት ሰዎች እንደገና ጸጥ አሉ።

ከዚያ የመጀመሪያው አንጓ አለቀ፤ ፒያኖው ብቻውን የሚሄድበት ረጅሙ ቦታ መጣ።

ሰሎሜ ዝም አለች። ሌላ ማድረግ የምትችለው አልነበረም፤ ዘፈኑ እንደዚያ ነው የተሠራው። እጆቿን አጣምራ የጠፋውን ፒያኖ በልቧ እየተከተለች ቆመች። እልፍኙ ውስጥ የሚሰማ አንዳችም ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተሰማ። ደረጃው ጮኸ። ወደ ፍሎራን ክፍል የሚወስደው ደረጃ ወደ ላይ ነው፤ እግሩ ግን ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ኬትቪግ ራሱን ዘንበል አደረገ። ቀጥሎ የጓሮው በር ማጠፊያ፣ ቴዎፊል ዘይት እቀባዋለሁ እያለ ዓመት ያሳለፈው፣ ሲጢጥ ብሎ አለቀሰ።

ሰሎሜ ባሏን አላየችውም። ሊያየው የሚደፍር ዓይን አልነበራትም። ወንበር ሲገፋ ሰማች። የእሱ ከባድ እርምጃ ምንጣፉን አቋርጦ መጣ፤ ወደ በሩ የሚሄድ መሰላት። እርምጃው ባጠገቧ አለፈ። ቴዎፊል ኦስተርታግ የኮቱን ጭራ ሰብስቦ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ፤ ሌባ ጣቱን አወጣና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ደገመ። ደገመ።

ትክክለኛዋ ነበረች። ሁለት ክረምት ሙሉ ታች ዱቄት ሲመዝን በጣራው በኩል ስትንጠባጠብበት የኖረችው ያቺው ድምፅ። ፍጥነቷም ትክክል ነው፤ የሚመዝን ሰው እጅ አይቸኩልም። ሰሎሜ ሁለተኛውን አንጓ በዚያች በአንዷ ጠብታ ላይ ዘፈነች፤ ዕንባዋን እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አቆየችው።

«መሲዮ ኦስተርታግ፣ እርስዎም ይጫወታሉ?» አለ ኬትቪግ።

«አንድ ጣት ነው ያለኝ፣ ክቡርነትዎ።»

ሰውየው ሳቀ። «ከብዙ አሥር ጣት ይሻላል። እንደገና።»

እንደገና አሉት። ከዚያም እንደገና። ኬትቪግ ፍሎራን የት ደረሰ ብሎ አልጠየቀም። ሰሎሜን ያስፈራት ይህ ነበር። ቢጠይቅ መልስ አዘጋጅታለች፤ የማይጠይቅ ሰው ግን መልሱን አስቀድሞ የያዘ ነው። ካተል መብራት ልታበራ መምጣት ነበረባት፤ አልመጣችም። ስለ ካተልም አልጠየቀም። እልፍኙ ሲደበዝዝ፣ ከጣቢያው በኩል ረጅም ፉጨት በከተማው ጣሪያ ላይ ሲያልፍ፣ ሰውየው ያን ጊዜ ጓንቱን አነሣ።

በሩ ላይ የሰሎሜን እጅ ሳመ።

«ወንድምዎ ግሩም አጃቢ ነበሩ» አለ።

ነበሩ። ያቺን ቃል እንደ ሚስማር ሰማቻት።

«ነገ ጠዋት ወንድምዎ ቢሮዬ ካልመጡ፣ ብዙ ነገር መጻፍ ይኖርብኛል። ስለ አሳዳጊያቸው፣ ስለ መድኃኒት ቤቱ ፈቃድ፤ አሰልቺ ጽሑፍ ነው። መጻፍ ደግሞ አልወድም፣ ማዳም፤ ሙዚቃ ነው የምወደው። ሐሙስ ባለቤቴ ትመጣለች። ጥቂት መኮንኖችም ይኖራሉ። እኔ ቤት መጥተው ይዘፍኑልናል። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስም። እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱን እንገፋዋለን። ስለ አጃቢ አያስቡ፤ እኔ አገኝልዎታለሁ።»

ቴዎፊል ባርኔጣውን አቀበለው። ከደረጃው ሥር ወታደሩ ተረከዙን ሲያጋጭ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለቱም ሄዱ።

ባልና ሚስት ጨለማው ውስጥ ቀሩ። ቴዎፊል ተመልሶ ፒያኖው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱን ሲያሻሽ ሰማችው።

«ሻንጣው የካተል እህት ዘንድ ነው አይደል?» አላት።

ሰሎሜ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያውቁ ነበር?»

«ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሲጠፋ አላይም? እኔ ነኝ እኮ የገዛሁት።»

«ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ?»

«ሂጂ ለማለት አልደፈርኩም። ቅሪ ለማለት አፈርኩ።»

ዐሥር ዓመት አብራው ስትኖር ስለ ራሱ ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ያን ጊዜ የጓሮው በር እንደገና ሲጢጥ አለና ካተል በደረጃው እያለከለከች ወጣች። መብራት ይዛለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«ሄዷል» አለች፣ መብራቱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «የኔ ነገር፣ በዚህ ዕድሜዬ ጀልባ። ሁለቴ ነው ውኃ ውስጥ የረገጥኩት።»

«ገባ? በዓይንሽ አየሽው?»

«አየሁት እንጂ። ባቡሩ በር ላይ ቆሞ፣ አንገቱን እንደ ዝይ እያስረዘመ አንቺን ይጠብቃል። ‹ግባ አንተ ልጅ› እለዋለሁ፣ ‹ትደርሳለች ካተል፣ ትንሽ ብቻ› ይለኛል። ባቡሩ ሲነቃነቅ እንኳ አልገባም፤ ውስጥ ያሉት ናቸው በኮሌታው የጎተቱት።» ካተል አፍንጫዋን በመቀነቷ ጠረገች። «ሻንጣውን በመስኮት ወረወርኩለት። የማንኛችሁ ልብስ የትኛው እንደሆነ ልለይ ጊዜ አላገኘሁም። ቀሚሶችሽ በሙሉ ፈረንሳዊ ሆነዋል፣ የኔ ልጅ።»

ማንም አልሳቀም። ካተልም እንዲስቁ ብላ አልነበረም። ሰሎሜ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ሰውየው ተቀምጦበት የነበረው መሆኑን ያወቀችው ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ ለመነሣት ግን አቅም አልነበራትም።

«ሐሙስ አትሂጂ» አለ ቴዎፊል። «ታመመች እላቸዋለሁ።»

«በሚቀጥለው ሐሙስስ?»

«እንዳልዳነች።»

«ሐኪም ይልካሉ።»

«ይላኩ።»

«ሐኪሙ ምንም የላትም ይላቸዋል። ያን ጊዜ መጻፍ ይጀምራሉ። ይህ ቤት ይሄዳል፤ አንተም ትሄዳለህ።»

አንተ ብላው አታውቅም። ቴዎፊል ቀና ብሎ አያት፤ ካተልም አየቻት። ሰሎሜ ግን ልብ አላለችውም፤ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

«ቴዎፊል፣ እዚያ ታች ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር አለህ? ሐኪም ቢያየውም እውነት የሚሆን።»

ካተል በስመአብ ብላ አማተበች። ቴዎፊል አልተቆጣም፤ አልደነገጠም። ማንኛዋም ደንበኛ መጥታ እንደጠየቀችው ሁሉ አቀርቅሮ መደርደሪያውን በሐሳቡ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። ፊቱ ላይ የመብራቱ ጥላ ይንቀሳቀሳል።

«አለ» አለ በመጨረሻ። «ሐሙስን ዘግቶ ዓርብ የሚከፍት ግን የለኝም።»

በተከፈተው መስኮት በኩል ጎዳናው ባዶውን ይታያል። አንድ የተረሳ ውሻ ከበር በር እያሸተተ ያልፋል። ሰሎሜ እጇን አንገቷ ላይ አሳረፈች፤ ከቆዳዋ ሥር ያለውን ነገር በጣቶቿ ትዳስሰዋለች፤ ትተነፍሳለች።

«እንግዲያው» አለች ኋላ፣ ማንንም ሳታይ፣ «ለሐሙስ የሚለበስ ቀሚስ ፈልጉልኝ።»